የስኳሩ ሌባ

ከቤታችን ስኳር መጥፋት ሲጀምር መጀመሪያ የተጠረጠረችው ልጄ ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ አይጥ ተጠረጠረ። ከአይጥ ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፤ ሰውዬው ሻይ ሲቀርብለት ከሻዩ ስኳሩ ስለሚበልጥ መጠርጠሩ አልበዛበትም። እኔን ግን ማንም አልጠረጠረኝም። እኔም ብሆን ራሴን የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ሙያዬ ቁልፍ ነው። ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ የተበላሸ ጓጉንቸር እጠግናለሁ፣ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ሲጠራኝ ሄጄ በሩን እከፍትለታለሁ። ሰፈሩ «ጋሽ መክፈቻ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። መጀመሪያ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ በኋላ ስሙ ገበያ ሲያመጣልኝ ጊዜ ተውኩት። የሰፈሩ ግማሽ ቤት ቁልፍ በእጄ አልፏል፣ አንድም ሰው ግን አንዲት ብርጭቆ ጎደለችብኝ ብሎ አያውቅም። ሌላ የምኮራበት ነገር ብዙም የለኝም።

ሙያዬ ቤታችንም ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖራል። ሌላ ቤት ችግር ሲመጣ ይመከርበታል፤ እኛ ቤት ጓጉንቸር ይገጠምበታል። ልጄ ተማሪ ሳለች ቴሌቪዥን ስታበዛ ቴሌቪዥኑ ሣጥን ገብቶ ተቆለፈበት። እኔ ሲጋራ ላቁም ስል ሲጋራዬን ቆልፌ ቁልፉን ለሚስቴ ሰጠኋት፤ ከዚያ በሽቦ ከፍቼ አጨስኩት። ሚስቴ ያንን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ሚስቴ ስኳር ትፈራለች። እናቷ የሞተችው በስኳር በሽታ ነው፤ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን፣ በመጨረሻም ነፍሷን ወሰደባት። እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት ሚስቴ ናት። ከዚያ ወዲህ ስኳር አፏ ገብቶ አያውቅም። ለእንግዳና ለልጃችን ሲባል ብቻ አንድ ቆርቆሮ ስኳር ብፌው ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ እንኳ ሻዬን እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠጣው። እንግዲህ ባዶ መገኘት የጀመረው ያ ቆርቆሮ ነው።

በዚያው ሰሞን ጠዋቶቼ ተበላሹብኝ። እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ማታ ደህና ሰው ሆኜ እተኛለሁ። ከዚያ መሃል ላይ የሆነ ነገር ይጎድላል። ስነቃ ሸሚዜ በላብ ርሷል፣ አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ኩሽና ወለሉ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘዋለሁ። አእምሮዬ ጥርት ብሏል፣ አፌም ይጣፍጠኛል። ለምን እንደሚጣፍጠኝ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ ሰው አፉ ሲመረው እንጂ ሲጣፍጠው አይጨነቅም።

ደግሞ ወፈርኩ። ቀበቶዬ አልደርስ አለኝ። የጣቶቼ ጫፎች ተድቦለቦሉ፣ ጥፍሮቼም ወደ ታች ጎበጡ፤ ያንን ከሞረድ ብዛት ነው ብዬ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን በሽታ መሆኑን መች አውቄ ልሸሽግ? እርጅና ነው የመሰለኝ። እርጅና ደግሞ ራሱ ስለሚናገር ማንም አይናገርለትም።

አንድ ቀን ቁርስ ሳልበላ ሱቄን ከፈትኩ። ያን ቀን የሆነውን የማውቀው ሱቁ ከእኔ ጎን የሆነው ልብስ ሰፊው ስለነገረኝ ነው። የአንዲት መምህርት የቤት ቁልፍ ሊቀረጽ መጥቶ ነበር። እኔ ቁልፉን አንስቼ፣ የብስክሌት ሰንሰለት ዋጋ ሊጠይቅ ለቆመ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት፤ «ቤትዎ ገብተው ይረፉ» ብዬም ሸኘሁት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰውዬውን ተከትሎ ሮጦ ቁልፉን አስመለሰ። ከዚያ መጥቶ አፌን አሸተተ። የመጠጥ ሽታ ሲያጣ ይበልጥ ደነገጠ። ሻይ አስመጥቶ በእሱ ልክ ስኳር ጨምሮበት አጠጣኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሼ ሰው ሆንኩ። እሱም የሻይ ሱስ ነው ለካ ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ወሬው ግን ልጄ ጆሮ ደረሰ። ልጄ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ የሰው ንብረት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«አባዬ፣ የሰው ቤት ቁልፍ እጅህ ላይ ነው። አንድ ቀን የሆነ ቤት ቢሰረቅ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ሱቁን ብንዘጋውስ?»

እሷ ክፋት የላትም፣ ያለችውም እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ሱቄ ከተዘጋ እኔ በሩ የፈረሰበት ቁልፍ ነኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ማንም አይፈልገውም።

ሚስቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እሷ ስኳር ነው ብላ ደምድማለች፤ ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ መቀባጠሩም የእናቷ ነው። የሄድነው ግን ከምሳ በኋላ ነበር። ደሜን ወስደው ስኳሩ ልክ ነው አሉን። ወጣቱ ሐኪም ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቀኑንም ወሩንም ነገርኩት፣ የበሩ እጀታ ተገልብጦ መገጠሙንም ጨመርኩለት። ምናልባት የመርሳት በሽታ ጅማሬ ሊሆን ይችላል፣ እንከታተለዋለን አለ። ሚስቴ ገና ደጅ ሳንደርስ፣ ልጅ ነው ምን ያውቃል፣ ዛሬ ልክ ቢሆን ነገ ይጨምራል፣ እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኳር በአጠገቤ እንዳያልፍ ተወሰነ። በቤታችን ደንብም ብፌው ይቆለፍ ተባለ።

የመጀመሪያውን ጓጉንቸር ከሱቅ አምጥቼ ገጠምኩት። ጠዋት ስኳሩ ጎድሎ፣ ጓጉንቸሩ ግን ተመልሶ በሥርዓት ተቆልፎ ተገኘ። ሚስቴ ደነገጠች። እኔ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጭረት የለበትም፣ አልተጣመመም፣ የተነካ እንኳ አይመስልም። ሌባው ባለሙያ ነው አልኩ፤ ይህንንም ያልኩት በአድናቆት ነው። ከበድ ያለ ሌላ ገጠምኩ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ልብስ ሰፊው ጉዱን ሲሰማ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ቁልፍ ሠሪ ቤት ገብቶ የሚሰርቅ ሌባ ንቆሃል አለኝ። ነደደኝ። በዚህ ከተማ ያንን ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ፣ ያለ ጭረት የሚከፍት ማን አለ ብዬ አሰብኩ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ ነበር፤ እሱ ሞቷል። ከእሱ ሌላ እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ ድረስ አስቤ አቆምኩ። ለምን እንዳቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄ ግን አላቆመችም። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ኩሽናው በር ጀርባ ወንበር ስባ ጠበቀች። ያየችውን ስትነግረኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር። በባዶ እግሬ መጣሁ። ዓይኔ ተከፍቷል፣ የሚያይ ግን አይመስልም። ከኪሴ ሽቦ አወጣሁ፣ ጆሮዬን ጓጉንቸሩ ላይ ለጥፌ ከፈትኩት፣ ስኳሩንም በማንኪያ ሳይሆን በእፍኜ ቃምኩት። ስትጠራኝ አልሰማሁም። ቆይቼ ብፌውን ቆለፍኩ፣ መዳፌን አራገፍኩ፤ ያኔ ድጋሚ ስትጠራኝ ዞር ብዬ፣ «እንዴ፣ ነጋ እንዴ?» አልኳት።

እኔ የገዛ ቤቴን ልሰርቅ ብዬ ተቆጣሁ። እሷም የእጅጌዬን ጫፍ ገልብጣ አሳየችኝ። ስፌቱ ውስጥ ስኳር ተሰግስጓል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው አመል ስኳር መሆኑን ማን ነግሮኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ግራ መጋባቴ ባሰ። እጄን አገላብጬ አየሁት። እጁ የእኔ ነው፣ ሥራውም የእኔ ሥራ ነው፣ ያዘዝኩት ግን እኔ አይደለሁም። ታዲያ ማን አዘዘው? እኔ ስተኛ የሚነሳው ሰውዬ ማን ነው? ሙያዬንስ ከየት ተማረው?

ሚስቴ አለቀሰች። ስኳር ይዞት ሳለ ስኳር እየቃመ ራሱን ሊገድል ነው አለች። ልጄ ደግሞ ሱቁ ዛሬውኑ ይዘጋ አለች፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፍት እጅ ነገ የሰው በር ላይ ቢገኝስ? ስለዚህ ውል ለመንኳቸው። እኔ ራሴ የማልከፍተው ጓጉንቸር እሠራለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሳይከፈት ከቆየ ሱቄ ይቆይልኝ፤ ከተከፈተ የሱቁን ቁልፍ ለልጄ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ። ተስማሙ። እንግዲህ ቤታችን እንዲህ ነው፤ ችግራችንንም መፍትሔያችንንም ጓጉንቸር ውስጥ ነው የምንፈልገው።

በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅሁበት ሥራ የለም። የራሴን እጅ አውቀዋለሁ፤ ሽቦው የቱ ጋ እንደሚሰማው፣ ጆሮዬም የትኛዋን ድምፅ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁልፉ የሚያነሳቸውን ትንንሽ ዘንጎች፣ ፒኖቹን፣ የሚዋሹ አድርጌ ሠራኋቸው፤ የተነሱ ይመስላሉ እንጂ አልተነሱም። ሞላዎቹን ድምፅ እንዳይሰጡ አለሰለስኳቸው። ሥራው ሲያልቅ በሙሉ አእምሮዬ ብሞክረው ብሞክረው አልከፈት አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ልብስ ሰፊውን ጠርቼ አሳየሁት። ራስህን ቆለፍክ በለኛ አለኝ። አዎ አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ለጓጉንቸሩ ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሚስቴ በክር አስራ አንገቷ ላይ አደረገችው። ሽቦዎቼንና መሣሪያዎቼን ሁሉ ሱቅ ትቼ መጣሁ።

ጓጉንቸሩ ያዘ። በየጠዋቱ ቆርቆሮው ሙሉ ነው። አሸነፍኩ ብዬ ተደሰትኩ። ጠዋቶቼ ግን ከበፊቱ ባሱ። ከአልጋ የሚያነሱኝ ሚስቴና ልጄ ሆኑ፤ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ስማቸው የሚመጣልኝም ዳቦና ወተት በግድ ካቀመሱኝ በኋላ ነው። ሚስቴ ስኳሩ እየወጣለት ነው፣ ሰውነቱ እስኪለምደው ነው አለች፤ እኔም አመንኳት። ወሩ ሊያልቅ ነው፣ ሱቄም ሊተርፍልኝ ነው፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ሚስቴ የነገረችኝ ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ሊነጋ ሲል ብፌው ፊት ተንበርክኬ በእሷ የፀጉር ሽቦ ጓጉንቸሩን ስጎረጉር አገኘችኝ፣ ክፈቺልኝ ብዬ ለመንኳት፣ አልከፈተችም፣ ወደቅሁና ተንዘፈዘፍኩ። ልጄ ጩኸቷን ሰምታ ተነሳች፣ ልብስ ሰፊውም ተጠርቶ መኪና ፈልጎ መጣ። ምን ብዬ እንደለመንኳት ሚስቴን ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች።

ዓይኔን ስገልጥ ሆስፒታል ነኝ፤ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ የስኳር ውሃ ይገባልኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደሚሆነው ሁሉም ነገር ባንዴ መጣልኝ፤ ስሜ፣ ሚስቴ፣ ልጄ፣ ውሌ። የመጀመሪያው ጥያቄዬም ጓጉንቸሩ ተከፈተ ወይ የሚል ነበር። ልጄ አልተከፈተም አባዬ ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። የምን ለቅሶ እንደሆነ አልገባኝም፤ አሸንፌ የለም እንዴ?

ሐኪሟ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልግ ሴት ናት። ሚስቴ ገና ስታያት፣ ስኳሩ በዝቶበት ነው አይደል ብላ ጠየቀቻት።

«የለም እናቴ፣ አልቆባቸው ነው» አለቻት። «ትንሽ ቆይተው ቢሆን ኖሮ አእምሯቸው ይጎዳ ነበር።»

ሚስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷም እንዲሁ ያልባትና ያንቀጠቅጣት እንደነበር በዝግታ ነገረቻት። ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒቱ ሲበልጥበት ስኳሩ ሊያልቅ ይችላል፣ ላቡና መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ የማነስ ምልክት ነው፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ይምታታል አለቻት። የሚስቴ እጅ ወደ አንገቷ ሄዶ ክሩን ያዘ።

እኔ ግን የስኳር መድኃኒት ወስጄ አላውቅም። ሐኪሟም የተጨነቀችው በዚህ ነው። ሦስታችንንም ለየብቻ እየጠራች፣ የሟች አማቴ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀችን። ሚስቴ፣ ባልሽን መርዘሻል እያለችኝ ነው ብላ ተቆጣች። ልጄ ቤት ሄዳ መሳቢያ ሁሉ በርብራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ ሌላ የደም ውጤት መጣ፤ ስኳርን የሚቀንሰው ኢንሱሊን የሚሉት ነገር ራሱ ደሜ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ቀናሽ የለም፣ ስኳሩ ግን ይቀንሳል። በደም ሥሬ ያንጠባጥባሉ፣ ይጠፋል፤ ይጨምራሉ፣ ይጠፋል። ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ግራ ተጋባች። እሷ ግራ ስትጋባ እኔ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ብቻዬን አልነበርኩማ።

ነገሩ የተገኘው በእጄ ነው። ሐኪሟ ልትሰናበተኝ እጄን ጨበጠችና አልለቅ አለችኝ። ጣቶቼን አገላበጠች፣ ጥፍሮቼን ከጎን አየቻቸው፣ የሁለት እጆቼን ጣቶች ጥፍር ለጥፍር አገጣጥማ በመሃላቸው ብርሃን ፈለገች። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ሆኑ አለች። ከሞረድ ነው አልኳት። ሞረድ እንዲህ አያደርግም፣ የጣት ጫፍ እንዲህ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ደረት ውስጥ ችግር ሲኖር ነው ብላ ደረቴ ራጅ እንዲነሳ አዘዘች። ሳል የለኝም፣ ደረቴንም አላመመኝም፤ የጠፋው ስኳር ደረቴ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል ብዬ አጉረመረምኩ።

ራጁ ላይ በቀኝ ደረቴ ታች የሕፃን ራስ የሚያህል ነጭ ነገር ተኝቷል። ሳንባን ከሸፈነው ስስ ቆዳ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው አለችኝ። ሳንባዬን ቀስ እያለ ገፍቶ፣ ሳይቆረጥመኝ ሳያስለኝ አድጓል። ከራሱ የሚያወጣው ነገር ሰውነቴን ያታልለዋል፤ ስኳሩን ከደም ጠርጎ ያስወስዳል፣ ጉበቴንም አዲስ ስኳር እንዳያወጣ ያግደዋል። ቀን ቀን ስበላ እተካለሁ። ጦሜን ካደርኩ ሲነጋ ባዶ ነኝ።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«ነው። ግን እንዲህ ያለውን እኔ ራሴ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አይቼው አላውቅም።»

ካንሰር የማውቀው ሰው ሲያመነምን ነው፤ እኔን እንዴት አወፈረኝ ብዬ ጠየቅሁ። ስኳሩን ሲቅሙ ነዋ አለችኝ። ታዲያ ያ ሰውዬ፣ እኔ ስተኛ የሚነሳው ሌባ? ሰውነትዎ የጎደለውን ፍለጋ ነው የሚያስነሳዎ፣ እሱ ባይሰርቅ ኖሮ ገና ድሮ ወድቀው ነበር አለች። እፎይ ልል ስል ደግሞ፣ እሱ እየሰረቀ ባያቆይዎት ኖሮ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ይታወቅ ነበር፣ አሁንም ትንሽ ቢዘገይ ማውጣቱ አስቸጋሪ ይሆን ነበር አለችኝ። ሌባው አዳነኝ ወይስ ሊገድለኝ ነበር? ሁለቱም ነው አለች። ሌሎች ሐኪሞች እየተጠሩ መጥተው ጣቴንና ራጄን በየተራ አዩ። ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ግርግሩን ሲያይ ሙሽራ መሰልክ አለኝ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር፤ ዕጢው ግን ሙሉ በሙሉ ወጣ። በዚያው ቀን ስኳሬ መጥፋት አቆመ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስራመድ ልብስ ሰፊው «ወፌ ቆመች» እያለ አጨበጨበ፣ ነርሷም አባረረችው። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል በየጊዜው እየመጡ ይታዩ ብለው አሰናበቱኝ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ። ከሁሉም መልሷ ያኛውን ወደድኩት።

ቤት ስገባ ብፌው በር የለውም። ሚስቴ ራሷ ከነማጠፊያው ነቅላ ጥላዋለች። የስኳሩ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። ሱቄን ልጄ ራሷ ከፈተችልኝ፤ ስለ ውሉ ማንም አላነሳም። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሚስቴ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ትከሻዬን ነቅንቃ ትቀሰቅሰኝና፣ «እኔ ማነኝ?» ትለኛለች። ሐኪሟ ያዘዘቻት መስሎኝ መቀለድ ጀመርኩ። አንድ ቀን የልብስ ሰፊው አክስት ነሽ አልኳት፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሂሳብ ሳትከፍል የጠፋች ደንበኛ አልኳት። ደንበኛ ያልኳት ቀን ተነስታ ወጣችና እስከ ምሳ አላናገረችኝም። በቀልድ እንዲህ የምትቆጣ ሴት አልነበረችም።

ጥፋተኛ ነኝ ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ለምኛት አልከፈተችልኝም፣ ያ ነው የሚበላት። ስለዚህ ላጽናናት ፈለግሁ። ጓጉንቸሩን ከቤት ዕቃ መሃል ፈልጌ ሱቅ ወሰድኩትና ፈታታሁት። ውስጡ የሚስቴ የፀጉር ሽቦ ጫፍ ተሰብሮ ቀርቷል። የተሰበረው የመጨረሻዋ ፒን ላይ ነው። በሙሉ አእምሮዬ ያሸነፉኝን የውሸት ፒኖች ሁሉ ያ ስሙን እንኳ የማያውቅ ሰውዬ አልፏቸዋል። መጀመሪያ ኮራሁበት። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሽቦዋ ባትሰበር ኖሮ ቅሜ፣ ቆልፌ፣ ተመልሼ እተኛ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ ትከሻዬን ስትነካኝ ነቅቼ እየጠበቅኋት ነበር። ሳትጠይቀኝ የሽቦዋን ጫፍ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይኸው፣ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር» አልኳት። «ብትከፍቺልኝ ኖሮ ዛሬም እየሰረቅሁሽ፣ ያም ነገር ደረቴ ውስጥ እያደገ ነበር። የዳንኩት ባለመክፈትሽ ነው።»

ሽቦዋን በጣቷ አገላብጣ አየቻት።

«ሐኪሟም እንደዚሁ ብላኛለች» አለች። «ግን አንተ ስትለምን አልሰማህም። የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ብዬ ነው የለመንኩሽ?»

ሽቦዋን መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። አትነግረኝም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ተናገረች።

«እየተንቀጠቀጥክ ቀና ብለህ አየኸኝና፣ ‹እመቤት፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ፣ ሚስቴ ውስጥ ናት› አልከኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው በሩ ተዘግቶበት እንዲህ ብሎ ለምኖኛል፤ ሚስቴ ውስጥ ናት፣ ልጄ ውስጥ ነው ብሎ። የአንዱንም ፊት ቆም ብዬ አላየሁትም። የዚያን ጠዋት ነገር እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷ ደግሞ ልትረሳው አልቻለችም፤ ይህን የሚያወጣ ቀዶ ጥገና የለም።

ቁልፉ ዛሬም አንገቷ ላይ ነው። የሚከፍተው ነገር የለም፤ አውልቂው ግን አላልኳትም። ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰኝና እኔ ማነኝ ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ አልቀልድም። ሚስቴ ነሽ እላታለሁ፤ ከዚያ ተነስተን ሻያችንን እንጠጣለን።